ባዶ የተባለው ሸለቆና ቴትሮን ሱሪዬ

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ሆሳዕና

ጀግና መንገደኛ ወፍ ሳይንጫጫ ይነሣል ይባላል። እኔ የተነሣሁት አከራዬ እትዬ ዘነበች በሩን በጡጫ ስለ ደበደቡት ነው።

«ጓድ! ጋሪው ቆሞልሃል! አሁንም ካልወጣህ ፈረሱም ይታዘብሃል!»

ወጣሁ። አዲስ አበባ ያሰፋሁትን ክሬም ቴትሮን ሱሪዬን ለብሻለሁ፤ መስመሩ ሽንኩርት ይከትፋል። ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ክሬም ሱሪ ይለብሳል ወይ? ዛሬ ብትጠይቁኝ አይለብስም እላለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። መንደር ምስረታ ከጎምቦራ ወረዳ ቁልቁል ያሉትን ሰዎች ከየጎጇቸው አንሥቶ ዳገቱ ላይ በመስመር አስፍሯቸዋል። ባዶ የቀረው መሬት ለመንግሥት እርሻ ይሰጥ ተብሏል። በቅድሚያ ግን ከግብርና መሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ወርዶ፣ እውነት ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ቅጽ መሙላት አለበት። «ማን ይሄዳል?» ሲባል የስብሰባው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ እስክሪብቶዬ ወድቆብኝ አንሥቼ ቀና ስል ከሰብሳቢው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «ጎበዝ! ጓድ ራሱ ተነሣ!» አለ። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባ ደግሞ እወዳለሁ።

ላንድሮቨር አለን፤ የቤንዚን ኩፖኑ ግን አልቋል። ስለዚህ ጋሪ።

ማክሰኞ ቀትር፣ ሀቢቾ

የሌሞን ወረዳ አቋርጠናል። ግራና ቀኙ ገብስ፣ እንሰት፣ እንደገና እንሰት። ሴቶች ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ በፈጣን እርምጃ ጋሪያችንን ይቀድሙታል። ጭቃው ሲበረታ ባለጋሪው «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» አለና ዞሮ ሄደ። ሀቢቾ ስደርስ ጫማዬ ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥራ አምስት ቀመስኩ።

የገበሬ ማኅበሩ መንገድ መሪ ሰጠኝ፤ ላምቤቦ ይባላል። ኀምሳ ዓመት ያለፈው፣ ራሱም ከሸለቆው ተነሥቶ የወጣ ሰው ነው። ፊቴን ከማየቱ በፊት ጫማዬን አየ።

«ይኼ ጫማ ይወርዳል» አለ። «ይወጣል ወይ?»

ወደ ማታ አዲሱ መንደር ደረስን፤ ያደርነውም እዚያው ነው። ቤቶቹ በክር የተለኩ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ። «መቼስ ያምራል!» አልኩ። ላምቤቦ ከአንዱ ቤት ጀርባ ወሰደኝና አሳየኝ። የጉልበቴን ያህል እንኳ ያልደረሱ የእንሰት ችግኞች ቆመዋል። «ቤት በወር ይሠራል፤ እንሰት ዓመታት ይፈልጋል» አለኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። የገባኝ ግን በማግስቱ ነው፤ ያውም በመጥፎ መንገድ።

ረቡዕ፣ ሸለቆው

ቁልቁለቱን ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ ወረድኩ። ታች ኦሞ በጭጋጉ መካከል ብልጭ ይላል፤ ድምፁ አይደርስም። ጉሬዛዎች ከሾላ ዛፍ ላይ ቁልቁል ያዩኛል። የድሮው መንደር ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለ እርከን ላይ ነው። የጎጆዎቹ ሳር ተገፎ ወጋግራው ብቻ ቀርቷል። ሦስት የምድጃ ድንጋይ፣ ክዳን ያጣ ጋን፣ በር ላይ የበቀለ ዱባ። ሰው የሚሄድበትን መንገድ እምቧይ ውጦታል። እኔ ባዶ ቤት ሳይ ደግሞ እጮኻለሁ።

«ሰው አለ?» አልኩ። ማዶ ያሉ ዝንጀሮዎች መለሱልኝ። ሌላ ማንም የለም። ላምቤቦ መሬት መሬት ያያል። ቅጹን አወጣሁና በሰፊው «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ያማረውን የእጅ ጽሕፈቴን ራቅ አድርጌ ልይ ብዬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ ከጎጆዎቹ ጀርባ የቀሩት ትልልቅ እንሰቶች መካከል።

መሬቱ ከዳኝ። በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ ነበር፤ እስከ ወገቤ ሰመጥኩ። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚያጣብቅ ነገር። ሽታው አፍንጫዬን በጥፊ መታው።

«ኸረ ጉድ! ቆጮዬን!»

ከእንሰቱ ውስጥ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴት ወጡ። ላምቤቦ አቀርቅሮ «እማማ ወርቅነሽ ናቸው» አለኝ። ቆጮው የሚብላላበትን ጉድጓድ ቅጠል ሊቀይሩ መጫኛ ድንጋዩን እንዳነሡ ጩኸቴን ሰምተው፣ አፉን እንደ ነገሩ ሸፍነው ተደብቀው ኖሯል። እማማ ወርቅነሽ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ባዶ… ማለቴ…»

«ውስጡ ቆመህ?»

ላምቤቦ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀ ነው።

ጎትተው አወጡኝ። እማማ ወርቅነሽ የተበላሸውን ከላይ ገፈው፣ የዳነውን በአዲስ ቅጠል ጠቀለሉ። ሥራቸውን ሳያቋርጡ አወሩኝ፤ «በሳምንት ሁለቴ እወርዳለሁ። ቅጠሉ ካልተቀየረ ይበላሻል። ላይ ሰባት ነፍስ አለኝ፤ የልጆቼ ልጆች። የሚበሉት ይኼን ነው። የላዩ እንሰት እስኪደርስ በዚህ እንቆያለን። አንተ ባዶ ካልክ ትራክተሩ ይመጣል። ያኔ ምን ላብላቸው?»

ስንቃቸውን ፈትተው ቆጮና ጎመን አቀረቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ እኔንም በጸሎቱ አስገቡኝ።

«ሰው አለ ብዬ እጽፋለሁ፣ እማማ። እናቴን!»

«አትማል ልጄ። ጻፍ» አሉኝ።

«ይኼ ቅጽ ረጥቧል፤ ቢሮ በንጹሕ ወረቀት እገለብጠዋለሁ» አልኩ። ወረቀቱ እንኳ ያን ያህል አልረጠበም ነበር።

ሐሙስ፣ መመለሻ

ሱሪውን በምንጭ ውሃ ሁለቴ አጠብኩት። ሽታው ባሰበት። ከሀቢቾ ወዲህ ያገኘሁት ባለጋሪ ከኋላ አስቀመጠኝ፤ ፈረሱም ነፋስ ወደ ፊት በነፈሰ ቁጥር ያስነጥሳል።

የባሰው ግን ውስጤ ነው። ዳገቱ ላይ «ሰው አለ» እያልኩ ነበር የወጣሁት። ሀቢቾ ላይ «ሰው ሳይኖር አይቀርም» ሆነ። ሌሞ ላይ «ተጣርቶ ቢታይ መልካም ነው» አልኩ። ሆሳዕና ስገባ ስለ ደመወዜ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ቢሮ ሁለት ሰዎች ጠበቁኝ፤ የሌሞ ልጅ የሆነው ኀላፊዬና ካድሬው። ካድሬው ቀና ሳይል «ባዶ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«ባዶ ነው፣ ጓድ» አልኩ። በገዛ አፌ! ከእማማ ወርቅነሽ ቆጮ ጣዕም ገና ያልጸዳ አፍ።

ኀላፊዬ አፍንጫውን ነፋ። ወደ ሱሪዬ ጎንበስ አለ።

«ቆጮ ነው። የት ወደቅክ?»

«ጉድጓድ ውስጥ፣ እዚያው ሸለቆ።»

«ሽታው የተጣለና የተበላሸ ቆጮ ሽታ አይደለም። ቅጠሉ ተቀይሮለታል?»

«ሴትየዋ ሊቀይሩ ሲሉ ነው እኔ…» ምላሴን ነከስኩ። ረፍዷል።

ኀላፊዬ ቅጹን ከእጄ ወስዶ ወደ ካድሬው ዞረ። «ጓድ፣ ቅጠል የሚቀየርለት ጉድጓድ ባለቤት አለው። እናቴ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ» አለ። «ባዶ» የሚለውን ሠረዘና በራሱ እጅ ጻፈ፤ «ሰው አለ። የላዩ እንሰት እስኪደርስ ይቆይ።» ፈረመበት። ካድሬው እኔን ገላመጠኝ፤ አፍንጫውን ይዞ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ላምቤቦ ሆሳዕና ገበያ መጥቶ በሬን አንኳኳ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ይዟል፤ ነጭ፣ የተመረጠ።

«ከእማማ ወርቅነሽ ነው። ደብዳቤው ደርሷል፤ ትራክተሩ ዘንድሮ አይወርድም» አለ። «‹ቃሉን የጠበቀ ልጅ ነው፣ ጌታ ይባርከው› ብለውሃል።»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ላምቤቦ በአክብሮት እያየኝ ነው፤ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ በላቸው» አልኩና ቡላውን ተቀበልኩ።

እትዬ ዘነበች ቡላውን በቅቤና በወተት አገንፍተው አተካና የሚባለውን ገንፎ ሠሩልኝ። ሳህኑን ጠርጌ በላሁ። ቃሉን የጠበቀው ሱሪዬ ግን ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰቅሎ እያየኝ ነበር።