የእህቴ ቬሎ እጅ የሰጠበት ቀን

ቅዳሜ፣ ከጥዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ብቸና መናኸሪያ

ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ታዋቂው የጫካ ታጣቂዎች መሪ እጅ ሲሰጥ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ስላየን፣ መንገዱ ተከፍቷል ተብሎ ሚኒባሱ ገና ሳይነጋ ሞልቷል። እኔ ነገ ሞጣ ላይ የምትዳረውን የታናሽ እህቴን ቬሎ ታቅፌያለሁ። የብቸናው ልብስ ሰፊ ወገቡን ሲያጠብ ሰነበተ። ሌላ ቬሎ የላትም።

«ታሪፉ አልቀነሰም እንዴ?» አሉ አንዲት ሴትዮ።

«ያለቀው ጦርነቱ ነው እንጂ ናፍጣው መቼ ረከሰ!» አሉ ሾፌሩ ጋሽ አያሌው።

ከጎኔ የተቀመጡት የቅኔ መምህር ፈገግ ብለው፣ «እጅ ሰጠ ተባለ እንጂ እግር ሰጠ አልተባለም» አሉ።

ሁለት ሰዓት ገደማ፤ ደብረ ወርቅ

ፍተሻ ነው። ወታደሩ የቬሎውን ላስቲክ ዳበሰ።

«ምንድን ነው?»

«ቬሎ... የእህቴ።» ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ሰላም ሆኗል፣ ሂዱ። ድልድዩ ጋ ግን እንዳትቆሙ።»

«ለምን?» አሉ ጋሽ አያሌው።

«ይተኮሳላ!»

ፓስቲ በሻይ በልተን ቀጠልን።

ድልድዩ

ከግራና ከቀኝ ኮረብታ ተኩሱ ተከፈተ። ወርደን ቦይ ውስጥ ተኛን፤ ሌላው በደረቱ፣ እኔ በጀርባዬ፣ ቬሎው ሆዴ ላይ።

«ነጠላችንን እናውለብልብ» አሉ ሴትዮዋ።

«ጎጃም ውስጥ ነጠላ ምልክት ይሆናል? ገበያ የወጣ ሁሉ እጅ ሰጠ ሊባል ነው?» ጋሽ አያሌው ወደ እኔ ዞሩ። «የሚያብለጨልጭ ነው የሚያስፈልገን። አምጪው፣ ልጄ።»

እምቢ ማለት አልችልበትም። አሳልፌ መስጠቱም አልሆነልኝም። «እኔው እይዘዋለሁ» አልኩና ቬሎውን ከላስቲኩ አውጥቼ፣ ከፍ አድርጌ፣ ከሚኒባሱ ፊት ፊት መራመድ ጀመርኩ። ሌሎቹ ተሳፍረው ከኋላዬ ቀስ እያሉ ይከተሉኛል።

ተኩሱ ቆመ።

«እጅ የሰጠው ማነው?» አለ ከቀኝ የመጣ ጩኸት።

«እኛ አይደለንም! እናንተ አይደላችሁም?» አለ የግራው።

«እኛማ ምን በወጣን!»

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ «ማንም አልሰጠም! ሰርግ ነው!»



«ሙሽራው የየት ነው?» አለ የቀኙ።

«የደብረ ወርቅ!»

«እለፉ!» አሉ፣ ከሁለቱም በኩል። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጫፉን አትጎትቺው፤ አቧራ ነው!»

መታጠፊያውን እንዳለፍን ተኩሱ ካቆመበት ቀጠለ።

ከቀትር በኋላ፤ ሞጣ

እህቴ እኔን ስታይ አለቀሰች፤ ቬሎውን ስታይ ሳቀች። ጓሮ ሆነን ጫፉን ስናጥብ አጎታችን ከጠጅ ቤት ወሬ ይዘው ገቡ።

«ድልድዩ ላይ በሴት የሚመራ ኃይል እጅ ሰጠ አሉ! ሴትዮዋ አስፈሪ ናት ይላሉ።»

አንገቴን ደፍቼ ማጠቤን ቀጠልኩ።

እሑድ ጥዋት

እህቴን አልብሼ እንደጨረስኩ ስልኩ ጮኸ። ሙሽራው ነው። ከሚዜዎቹ ጋር ያው ድልድይ ጋ ቦይ ውስጥ ተኝቷል።

«ነጭ ነገር አሳዩአቸው!» አልኩት።

«ሁላችንም ጥቁር ሱፍ ነው የለበስነው!»

«ሸሚዛችሁስ?»

«እሱም ጥቁር ነው፤ ፋሽን ነው ብለውን!»

እህቴ ሰምታለች። ዓይነ ርግቧን ከራሷ ላይ ፈትታ ሰጠችኝ። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዘው ያደሩትን ጋሽ አያሌውን ቀሰቀስኳቸው።

«ዛሬ ደግሞ ለማን ነው እጅ የምንሰጠው?» አሉ ሞተሩን እያስነሱ።

«ለአማቻችን» አልኩ። ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ገና ከሞጣ ሳንወጣ፣ ዓይነ ርግቡን በመስኮት አወጣሁት።