ነጂብ የሰረዘው መስመር

ነጂብ ሞተ አሉኝ። ጠዋት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛችን ደውሎ ሲነግረኝ «የትኛው ነጂብ?» አልኩት፣ ሌላ ነጂብ የማውቅ ይመስል። አሁንም አላመንኩም።

በደርግ ጊዜ ጅማ እርሻ ኮሌጅ ስንማር ጽሑፎች ያለ ጸሐፊ ስም የሚወጡባት አንዲት ትንሽ የተማሪ መጽሔት ነበረችን። አዘጋጇ እሱ ነበር፣ እዚያው ጅማ የበቾ ቦሬ ሰፈር ልጅ። እኔ ከጎጃም የመጣሁ፣ የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው የሚመስል ጸሐፊ ነበርኩ።

ታይፒስቷ የኛን ጽሑፍ ማንበብ ስለሰለቻት ሁሉንም እሱ በሚያምር እጁ ይገለብጠው ነበር። መቅረት አለበት ያለውን በእርሳስ ሳሳ አድርጎ ይሰርዝና ለጸሐፊው ይመልሳል። ጸሐፊው አይቶ ሲስማማ ራሱ ለታይፒስቷ ያደርሳል። ከተከራከርከው ፈገግ ብሎ «እውነቱ አይጠፋም ወላሂ፤ እኛ እንዳንጠፋ ነው» ይልሃል።

አንድ ጊዜ ከአጋሮ ወዲያ ያለ የመንግሥት እርሻ አይቼ ስለ ቡና በሽታ ጻፍኩ። «የጥላ ዛፎቹ በትእዛዝ ከተቆረጡ ወዲህ ቡናው እየደረቀ ነው» የሚል ነበረበት። ነጂብ ሰረዘው። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነበርኩ። ወደ ታይፒስቷ ስሄድ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ላጲስ አውጥቼ የእርሳሱን መስመር አጠፋሁት።

ይኸው ተናገርኩት። ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

መጽሔቷ በወጣች በሦስተኛው ቀን የኮሌጁ ካድሬ ረቂቁን ይዞ ክፍል ገባ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ነጂብ ተነሳ።

«የኔ ነው። ያረምኩትም እኔ ነኝ። መሰረዝ ነበረበት፣ ረስቼው ነው።»

ወደኔ አላየም። ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ፍርሃት እንዴት ልንገራችሁ። እህል አይወርድልኝም። መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮት እሮጣለሁ። ለሱ ነው የፈራሁት ብል ደስ ባለኝ፤ ስሜን እንዳይጠራ ነበር የምጸልየው። እናቱ ጋ ሄድኩ። ስንቁን እየቋጠሩ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ጓደኛው ነህ፣ ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ። «አላውቅም እማማ» አልኳቸው።

ከወር በላይ ቆይቶ ተፈታ። አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ። አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ «ቀጣዩ እትም የት ደረሰ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሚሰርዘውን ሁሉ በእስክሪብቶ መሰረዝ ጀመረ። ያኔ ማወቁ ገባኝ። አንድም ቀን አላነሳብኝም። እኔም መናገር ስፈራ ስንት ዒድ ቤቱ በልቼ ተመለስኩ።

ነጂቤ፣ ቅድም ስልክህ ላይ ስደውል ልጅህ አነሳችው። እያለቀሰች ስላንተ አወራችኝ። «አባዬ እግሩ የተጎዳው በራሱ ግድየለሽነት ነው፣ አንዲት መስመር መሰረዝ ረስቶ። ሥራችሁን ደግማችሁ እዩ የሚለን ለዚያ ነበር» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ዛሬም ዝም አልኩ።

አልረሳህም ነበር። ሰርዘኸው ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀብርህ ላይ እመጣለሁ፣ ለልጅህም ፊት ለፊት ቆሜ እነግራታለሁ። ካድሬውን ከፈራሁት በላይ እሷን ፈርቻታለሁ፣ ግን እመጣለሁ።

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፣ ወንድሜ። በሰላም ሂድ።