ሁለቴ የመጣንበት ማረፊያ

ልጅ እያለሁ በቤታችን የተመደበልኝ ሥራ የእናቴን ቀሚስ መጎተት ነበር። እናቴ አንዋር መስጊድ ጀርባ አንሶላና ብርድ ልብስ ነጋዴ ነበረች። እሷ ራሷ ስትገዛ ደግሞ የሰው ሱቅ ገብታ ዕቃውን በጣቷ ታሻለች፣ ታሸታለች፣ ገልብጣ ታያለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ታጣምማለች። ከንፈሯ ሲጣመም እኔ ቀሚሷን ይዤ «እማ፣ ደከመኝ፣ እንሂድ» እላለሁ። እሷም ምን ላድርግ፣ ልጅቷ አስቸገረችኝ ብላ ትወጣለች። አስር እርምጃ ሳንሄድ ባለሱቁ «እትዬ፣ ይመለሱ እንጂ፣ እንነጋገር» ይላል። መርካቶ ውስጥ ወጥቶ ሲሄድ ያልተጠራ ገዢ አይቼ አላውቅም። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በሥራው ላይ ግን ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ።

በዚያው ዓመት የአባቴ ታናሽ ወንድም ሎጊያ ላይ ሊያገባ ሆነና ሦስታችን በአባቴ አሮጌ ፒካፕ ወደ አፋር በረሃ ወረድን። አባቴ በወጣትነቱ የጨርቅ ቦንዳ ሲሸከም ወገቡን ተጎድቷል። ከአዋሽ በኋላ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ወገቡን ይዞ ነበር የሚነዳው። መሃል ላይ አንድ ሌሊት ማደር የግድ ነው፤ አልጋው ካልተመቸው ደግሞ ጠዋት ቀና አይልም። መንዳት የሚችለው እሱ ብቻ፣ ኒካው የሚታሰረው በማግስቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ ከሙሽራው ጎን በአባት ቦታ የሚቀመጠውም እሱ። እናቴ «የዛሬውን አልጋ ለኔ ተውልኝ» አለችው። በመኝታ ጉዳይ እሷን የሚከራከር ስላልነበረ ተውንላት።

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ገዋኔን እንዳለፍን፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ትልቅ ግራር ስር አንድ ማረፊያ አገኘን። የሰሌን ዳስ፣ ጥቂት የጠፍር አልጋዎች፣ ጥላ ውስጥ የተሰቀለ የቆዳ የውሃ እርኮት፤ ነፋሱም በአዋሽ ወንዝ በኩል ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣል። ባለቤቱ መፋቂያ የያዙ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። አባቴ አልጋዎቹን ሲያይ ፊቱ በራ። እናቴ በዚህ ተናደደች፤ ገዢ እንዲህ ፊቱን ካበራ ዋጋ ይሰቀላል። ሄዳ ጠፍሩን ጫን ጫን አደረገች፣ ላልቷል አለች። የአልጋውን እግር ነቀነቀች፣ ይወዛወዛል አለች። ግራሩን ቀና ብላ አየችና ወፍ ይበዛበታል አለች። ሽማግሌው እውነት ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወፍ በርግጥ ይበዛ ነበር። ከዚያ ከንፈሯን አጣመመች።

ሥራ ሥራ ነውና ቀሚሷን ያዝኩ። «እማ፣ ደከመኝ፣ እንሂድ።» መንገዱ ሩቅ ስለነበር እንባም ጨመርኩበት። አልጋ አጠገብ ቆማ ደከመኝ፣ እንሂድ የምትል ልጅ ሽማግሌው አይተው አያውቁ ይሆናል፤ ትኩር ብለው አዩኝ።

አስር እርምጃ ሄድን። እናቴ ሻሿን አስተካከለች። አምስት ጨመርን። ጫማዋ ውስጥ የሌለ ጠጠር ልታወጣ ጎንበስ አለች። «አይጠሩም እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ዞር ብዬ ሳይ ሽማግሌው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። መኪናው ውስጥ ገባን፣ በሩ አልገጠመም ብላ ሁለቴ ከፍታ ዘጋችው። አሁንም የጠራን የለም። ሳትጠራ ወርዳ መመለስ ደግሞ እናቴ በዕድሜዋ ያላደረገችው ነገር ነው። አባቴ አንዴ አልጋውን፣ አንዴ እሷን አየና ሞተሩን አስነሳ።

ቀጣዩ ማረፊያ የተገኘው ብዙ ከነዳን በኋላ፣ አንድ ጎሚስታ ቤት ጀርባ ነው። አልጋ የተባለው አሮጌ ጎማ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ነው። ጄኔሬተሩ ራስጌው ላይ ይንደቀደቃል፣ ቦታው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ሳንቃውንም ሁለት ፍየሎች ቀድመው ይዘውታል። እናቴ ከልማድ ጉድለት ልታወጣለት አፏን ከፈተች፤ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ጎሚስታው ግን ሥርዓቱን ያውቅ ነበር። ገና ዞር ስንል «እትዬ፣ ይመለሱ እንጂ፣ እንነጋገር» አለ። ፍየሎቹንም አስወጣለሁ አለ።

አባቴ የመኪናውን በር ተደግፎ ቆሟል። ድምፁን ሳያነሳ፣ «እኔ እዚህ ከተኛሁ ነገ መጥቶ የሚያነሳኝ ሙሽራው ነው» አለ። እናቴ ያዘቀዘቀችውን ፀሐይ አየች፣ ወገቡ ላይ ያለውን እጁን አየች። «አዙረው» አለች።

ግራሩ ስር ስንደርስ ሽማግሌው ሦስት አልጋ ነፋስ ወዳለበት አውጥተው ምንጣፍ አንጥፈውባቸዋል። እናቴ ሰላምታዋን ስታቀርብ መሬት መሬት ነበር የምታየው።

«ከመርካቶ ናችሁ፣ አይደል?» አሏት።

«በምን አወቁ፣ አባባ?»

«የመርካቶ ሰው ሁለቴ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ምነው ስንሄድ ቢጠሩን?»

«ብጠራሽ ሌሊቱን ሙሉ ስላላየሽው ሌላ አልጋ ታስቢያለሽ። አሁን አይተሽዋል፤ ትተኛለሽ።»

እናቴ የተባለችውን ከፈለች፤ ሳንቲም አላስቀነሰችም። አባቴ ጠዋት እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ተነሳ፣ ኒካውም ላይ በሰዓቱ ደረስን። እናቴ ሰርጉ ላይ ያንን አልጋ አማርጣ እንዳገኘችው ለሴቶቹ ስትናገር ሰማኋት። ውሸት አልነበረም።

እናቴም አባቴም አሁን የሉም። አንሶላውን እኔ እነግዳለሁ። ዘንድሮ በዚያው መንገድ ከልጄ ጋር ስወርድ፣ አዋሽ ሳንደርስ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ማደሪያ ያዘ። ፎቶ አለው፣ ዋጋ ተጽፎበታል፣ አለቀ። ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ አልጋው ሰፊ ነው። አንሶላውን በጣቴ አሸሁት፤ ንጹሕ ጥጥ። ቁልፍ የሰጠችን ልጅ ከየት መጣችሁ እንኳ ሳትለን ሄደች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ማደሪያ ምን ይመስል ይሆን እንዳልኩ ነጋ።

ጠዋት ልጄ እንዴት አደርሽ፣ አልጋው ተመቸሽ ወይ አለኝ።

«አልጋውስ ምንም እንከን አይወጣለትም» አልኩት። «ግን መጀመሪያ ሌላ አይተን መምጣት ነበረብን።»