እትዬ ማዕዘን አርባ አልጋ አነጠፈች መባሉ

ሰሞኑን በሰፈሩ ካፌ አንድ ወሬ ከሻይ ቀድሞ እየተቀዳ ነው። እትዬ ማዕዘን ከቤተሰቧ ጋር ሐይቅ ዳር ለእረፍት ሄዳ፣ ያረፈችበት ሆቴል በሁለተኛው ቀን ቀጥሯት፣ በሦስተኛው ቀን አርባ አልጋ አንጥፋ፣ በአራተኛው ቀን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ተመለሰች ይባላል። መጀመሪያ ያወራው ጸጉር አስተካካዩ ነው። እሱ ሲያወራ አልጋው አሥራ ሁለት ነበር። ወሬው መንገዱን ተሻግሮ ካፌው በር ሲደርስ ሃያ ገባ፤ ከመስኮቱ ጠረጴዛ እስከ ጓዳው ባለው አሥር እርምጃ ውስጥ አርባ ሞላ። ብርጭቆ አጣቢዋ ጆሮ ሲደርስማ የመተላለፊያው ምንጣፍም ተጨምሮበት ነበር።

ሰው ግን ወሬ ከመዋጡ በፊት ማኘክ አለበት። እትዬ ማዕዘን አንድ ክፍል አጽድታ፣ አልጋውን አንጥፋ ለመውጣት ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅባታል። አርባ ክፍል ማለት አሥራ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ባሏን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አሥራ ሰባት ሰዓት ሙሉ ምሳ ሳይጠይቅ ይቆያል ብሎ አያምንም።

ማዕዘን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። መሃል ከተማ ባለው ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ ስታነጥፍ የአንሶላውን ጥግ እንደ ፖስታ አጥፋ፣ በመዳፏ ስላ፣ ፍራሹ ሥር ስለምትሸጉጠው የሥራ ጓደኞቿ ያወጡላት ነው። እሷ ባነጠፈችው አልጋ ላይ ዝንብ ብታርፍ ተንሸራታ ትወድቃለች ይላሉ። በቀን አሥራ አራት ክፍል ታጸዳለች። ቤቷ ስትገባም አታርፍም። ወንበር ላይ ብትቀመጥ እንኳ ሙሉ አትቀመጥም፤ ጠርዙ ላይ ጣል ትላለች፣ ብድግ ትላለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። «ቀኑን ሙሉ የምቀመጠው የእሷንም ድርሻ እየተቀመጥኩላት ነው» ይላል።

የዘንድሮው እረፍት ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። አንድ ልጃቸው ነርስ ሆና ተመርቃ፣ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ፣ ከጉዞው መልስ በሰኞው ልትሄድ ነበር። መሄጃዋ ሲቃረብ እናቷ ምን ልግዛልሽ ብላ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ልብስም ሻንጣም አልፈልግም። አንድ ግማሽ ቀን ሳትነሺ አጠገቤ ተቀመጪልኝ። በዕድሜዬ ከፊትሽ ይልቅ ጀርባሽን ነው ያየሁት።»

«ይሄ ምን ከባድ ነገር ነው» አለች እትዬ ማዕዘን። አለችና ምድጃውን ልትወለውል ተነሳች።

ቤት ውስጥ እንደማይሆን ያኔ ታወቀ። ሦስት ቀን ወጣ ብለው ይረፉ ተባለ። ክርክሩ የመጣው የት ይረፍ ላይ ነው። ባልየው በቀን የሚከራይ ቤት እንያዝ አለ፤ እሷን ሆቴል መውሰድ ማለት እሱን ለእረፍት አውቶቡስ ውስጥ እንደማሳደር ነው። ልጅቷ ሆቴል አለች፤ የሚከራይ ቤት ወጥ ቤት አለው፣ ወጥ ቤት ያለበት ደግሞ እማዬ ጠፋች ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ተከራከሩ። በመጨረሻ ሾፌሩ ጉዳዩን ለተሳፋሪ አቀረበ። በሁለት ቀን ውስጥ መስመሩ በሙሉ ለሁለት ተከፈለ። የፊት ወንበሮች ሆቴል አሉ፣ የኋላዎቹ ቤት አሉ። ቆመው የሚሄዱት ድምፃቸው ግማሽ ይቆጠር ተብሎ ሌላ ጠብ ተነሳ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መቋጫውን ሳልሰማ አልወርድም ብለው ሦስት ፌርማታ አለፋቸው። ድምፁ እኩል ወጣ። አንድ ሌሊት ሆቴል፣ ሁለት ሌሊት ቤት ተባለ። እትዬ ማዕዘንን የጠየቃት የለም። ብትጠየቅ «ቤታችን ምን አለው?» ነበር መልሷ።

የሆቴሉ ክፍል ሲከፈት ልጅቷ ወደ ሐይቁ መስኮት ሮጠች። እናትየው ጣቷን ወደ በሩ አናት ሰደደች። አቧራ። ከዚያ አልጋዎቹን አየች። የአንሶላው ጥግ እንደ አሮጌ ካልሲ ተጠቅጥቋል። አይታ እንዳላየች ልታልፍ ሞከረች፤ እውነትም ሞከረች። በረንዳው ላይ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ ስለ አዲሱ ሥራ ጠየቀቻት። ልጅቷ መልሱን ሳታጋምስ የእናቷ ዓይን በትከሻዋ ላይ ተሻግሮ አልጋው ላይ አረፈ። እንደ ተልባ ስፍር አልረጋ አለች። «መታጠቢያ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ገባች፤ ሦስቱንም አልጋ አፍርሳ አነጠፈች።

ጉዱ የፈላው በማግስቱ ጠዋት ነው። እነሱ ቁርስ ላይ ሳሉ አንዲት ጀማሪ ሠራተኛ ጋሪዋን እየገፋች ክፍሉን ልታጸዳ ገባች። እትዬ ማዕዘን ታዲያ ከእንቅልፏ እንደተነሳች አልጋዎቹን ዳግመኛ አንጥፋቸዋለች። ጀማሪዋ ጥጉን ስታይ ክው አለች። እንዲህ ያለ ጥግ ያየችው በሥልጠናዋ ቀን፣ ከአሠልጣኟ እጅ ብቻ ነው። እንግዳ እንዲህ አያነጥፍም፤ እንዲህ የሚያነጥፍ ደግሞ እንግዳ አይደለም። ጋሪዋን ጥላ ሮጠች። ድብቅ ተቆጣጣሪ፣ ባልና ልጅ ተከራይታ፣ ቤተሰብ መስላ ገብታለች ተባለ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆቴሉ ከጣሪያው እስከ ደረጃው ታጠበ። አትክልተኛው ቅጠል በቅጠል በጨርቅ መወልወል ጀመረ። የእነ እትዬ ማዕዘን በር በየአሥር ደቂቃው ይንኳኳል፤ ፍራፍሬ ይገባል፣ ፎጣ ይገባል፣ ተጨማሪ ትራስ ይገባል። ባልየው ሁሉንም ይቀበላል። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ።

«የጎደለ ነገር ካለ በቃል ይንገሩን፤ እባክዎ በጽሑፍ አያድርጉት።»

ምንም የለም ማለት ይቻል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የያዛት አመል ግን አፏን ከፈተው። «የበሩ አናት» አለች። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ወጥቶ በገዛ መሐረቡ ጠረገው። እሷም ወንበሩን ያዘችለት፤ የቀረውንም ጥግ አሳየችው። ልጅቷ በረንዳው ላይ ከፍራፍሬው ጋር ብቻዋን ቀረች።

ወደሚከራየው ቤት ሲሻገሩ ባልየው ተገላገልን ብሎ ነበር። ገና በሩን ሲከፍት ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየ። የቤቱ አከራይ እንግዳ ከመውጣቱ በፊት እንዲያደርግ የሚፈለገውን በአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ዘርዝራለች፤ ዕቃ ማጠብ፣ ቆሻሻ ማውጣት፣ አንሶላ መግፈፍ። ሊገነጥለው እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ ቀድማው አንብባዋለች። ለሌላ ሰው ማሳሰቢያ ነው፤ ለእሷ የሥራ ድልድል ነው። ከሻንጣዋ ሥር የሥራ ልብሷን አወጣች።

«ይሄን ደግሞ ማን አመጣው?» አለ ባልየው።

«ለማንኛውም ብዬ ነው።»

ለመውጫው ቀን የተጻፈውን በመግቢያው ቀን ጨረሰችው። በማግስቱ ሃያኛ ቁጥር ብላ መጋረጃዎቹን አወረደች። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች። ከዚያ ከሰዓቱን ብቻዋን ሐይቁ ዳር ዋለች፤ ሻንጣዋንም አንድ ቀን ቀድማ አዘጋጀች።

በመጨረሻው ጠዋት፣ በወረቀቱ መሠረት አንሶላ ከአራት ሰዓት በፊት መገፈፍ አለበት። እትዬ ማዕዘን ቁርስ የተበላበትን ዕቃ ለኋላ ብላ ትታ ወደ ልጇ ክፍል ገባች። አልጋው ተነጥፏል። ጥጉ እንደ ፖስታ ታጥፎ፣ በመዳፍ ተስሎ፣ ፍራሹ ሥር ተሸጉጧል። ከራሷ እጅ የወጣ እንጂ የሌላ ሰው አይመስልም። ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች።

«እንዳትደክሚ ብዬ ነው» አለቻት። «ካንቺ አይቼ የያዝኩት እሱን ነው። ሌላውን የሚያሳየኝ አላገኘሁም።»

እትዬ ማዕዘን ጥጉን ትክ ብላ አየችው። ጥሩ ጥግ ነው፤ አንድም እንከን የለውም። ይህች ልጅ ነገ የወለደች እንደሆነ የእሷም ልጅ የእናቱን ጀርባ እያየ ሊያድግ ነው። አልጋ አንጣፊ በተነጠፈ አልጋ ላይ አይቀመጥም፤ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው። ሄደች፣ ቂጧን አሳርፋ፣ መሃሉ ላይ፣ ሙሉ በሙሉ ተቀመጠች። አንሶላው ተጨማደደ።

«ነይ ወዲህ» አለቻት።

ልጅቷ አጠገቧ ሆነች። እትዬ ማዕዘንን እጇን ይበላት ጀመር። ቀኝ እጇ ሳታዝዘው የተጨማደደውን ሊያስተካክል ሄደ።

«እማዬ፣ ሥርሽ አድርጊያቸው።»

እንደተቀጣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሁለቱን እጆቿን ሥሯ አድርጋ ተቀመጠችባቸው። ልጅቷ ስለ አዲሱ ሆስፒታል አወራች፣ መድኃኒት ከምትሰጠው በሽተኛ ይልቅ ማታ የምትገባበት ባዶ ክፍል እንደሚያስፈራት አወራች። እናትየውም ሥራ በጀመረችበት ቀን የተሳሳተ ክፍል አጽድታ ስታበቃ ማልቀሷን ነገረቻት፤ ይህን ለባሏም ነግራው አታውቅም። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። እጆቿ ደነዘዙ። አልተነሳችም።

የቤቱ ባለቤት ስትመጣ ያልታጠበ ዕቃ፣ ያልተገፈፈ አንሶላና እላዩ ላይ የሚሳሳቁ ሁለት ሴቶች አገኘች። ከተመለሱ በኋላ በኢንተርኔት ገጿ ላይ ስለ እንግዶቿ አስተያየት ጻፈች። «ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ አልጋ ማንጠፍ ግን አያውቁም» ይላል። እትዬ ማዕዘን ባሏን ሁለት ጊዜ አስነበበችው።

ልጅቷ በሰኞው ሄደች። ከትናንት በስቲያ እትዬ ማዕዘን ካፌው ገባች፤ ወንበር ስባ እስከ መደገፊያው ተቀመጠች። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን ኪሱ ከትቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። የአርባ አልጋው ነገር እውነት ነው ወይ፣ ሆቴሉስ ስንት ሊከፍልሽ ነው ብሎ ጠየቃት። ብርጭቆ አጣቢዋ ውሃውን ዘግታ ከጓዳ ብቅ አለች።

እትዬ ማዕዘን ሻይዋን ፉት አለች።

«ውሸት ነው። ማንም አልቀጠረኝም። አንድም አልጋ አላነጠፍኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ከልጄ ጋር ተቀምጬ ነው የመጣሁት።»