በጦጣዎቹ አጥር የታየሁበት እሁድ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ልጆቹን ከነቤተሰባቸው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ወዳለ የዱር እንስሳት ፓርክ ወሰደን። አስጎብኚው ሁሉንም ወደ ድኩላዎቹ አጥር ሲያስገባ እኔ ደጅ ቀረሁ። «አያቴ፣ አይናከሱም እኮ!» ብላ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ድኩላ ማን ፈርቶ! እኔ የምፈራው ከኋላዬ የሚዘጋውን በር ነው።

በልጅነቴ ቡሬ አክስቴ ጥሩነሽ ዘንድ ተቀምጬ አስራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። ከከተማው ዳር የቆሰሉና ከሰው እጅ የተወሰዱ እንስሳት የሚጠበቁበት ግቢ ነበር፤ እሁድ እሁድ ለሕፃናት ዝግጅት ነበረው። ልጆቹን የማስጎበኝ እኔ ነኝ። «ማፈር የለም፣ ጠይቁ!» እላቸዋለሁ፤ ከየት መጣ፣ ምን ይበላል፣ ዕድሜው ስንት ነው። ጠይቁ ከተባሉ ደግሞ አያርፉም። የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

በጥቅምት አንድ እሁድ አክስቴ አብሬሽ ልሂድ አለች። እንስሳ ዞር ብላ የማታይ ሴት! ፀጉሬን ቅቤ ቀባችኝ፣ አዲስ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ እኔ ጅሏ በሥራዬ ኮርታ ነው ብዬ እፈነድቃለሁ። መንገዱ ገና ጭቃው አልደረቀም፤ ጋሪው እያንገጫገጨን፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየጋጥን ሄድን። በሩ ላይ አያ ላቀው የሚባሉ ሽማግሌ ከነሚስታቸውና ከጎረምሳ ልጃቸው ጋር ቆመው ጠበቁን። «የሩቅ ዘመዶቻችን ናቸው» አለችኝ።

የጦጣዎቹ አጥር ሁለት በር ነበረው፤ የፊተኛው ካልተቆለፈ የኋለኛው አይከፈትም። እንግዶቹንና አክስቴን ይዤ በሁለቱ መካከል ወዳለው ጠባብ ቦታ ገባሁ፤ ዘበኛው ከውጭ ቆለፈብን። ልጆቹ ተራ እየጠበቁ ሽቦው ላይ ተለጥፈዋል። እኔ ስለ ጦጣ እለፈልፋለሁ፤ ሴትዮዋ ግን ጦጣ አያዩም። የሚያዩት እኔን ነው፤ ወገቤን፣ እግሬን፣ ጥርሴን። «እስቲ እጅሽን ልየው የኔ ልጅ» ብለው መዳፌን ገለበጡት። ጎረምሳው ጫማውን ያያል። ጉድ ፈላ! ለካ ለልጃቸው ሊያጩኝ ነው የመጡት።

እንውጣ ብዬ ዘበኛውን ጠራሁ። ቁልፉን ሲጠመዝዘው እዚያው ውስጥ ተሰበረበት። «መጋዝ ላምጣ» ብሎ ወደ ቡሬ ሮጠ። ከፊቴ አማት ሊሆኑኝ የመጡ ሰዎች፣ ከኋላዬ ጦጣ፤ አልቅሼ እንኳ የምሸሸግበት ጥግ የለም።

ይኼኔ አንዷ ሕፃን ጣቷን ወደ ጎረምሳው ቀስራ፣ «ቲቸር፣ ይኼኛው ዕድሜው ስንት ነው?» አለች።

«ምን ይበላል?» ተቀበላት ሌላው።

ጎረምሳው ራሱ ሳቁ አመለጠው። አክስቴ «ዝም በሉ እናንተ!» ብትል ማን ሊሰማት።

«ቲቸርን ልትወስዷት ነው እንዴ?» አለች ያችው ሕፃን። «ትምህርቷንስ ጨርሳለች?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አልጨረስኩም» አልኩ። «መጨረስ እፈልጋለሁ።»

አያ ላቀው ወደ አክስቴ ዘወር አሉ። «ትምህርቱን ትታዋለች አላሉንም ነበር እመቤት?»

«ልጅ እኮ ናት አያ ላቀው፣ ምኑን ታውቃለች!»

«እንግዲህ እኛ ተማሪ ከደብተሯ ነጥለን ልንወስድ አልመጣንም» አሉ። ቁልፉ ተቆርጦ ስንወጣ ግንባሬን ስመው ሄዱ፤ ሽማግሌም አልላኩም። እኔ አመለጥኩ ብዬ ያን ሳምንት ሙሉ ስዘፍን ሰነበትኩ።

ከፋሲካ በኋላ ለሌላ ሰው ሊያጩኝ የመጡት ግን ወደ ቤት ነው የመጡት። ጠላ ስቀዳላቸው አዩኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ የሚጠይቅ ልጅ ግን አልነበረም፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ቀዳሁ። በግንቦት ተዳርኩ።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ስለሱ ክፉ ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል። ልጆቻችንን በሙሉ አስተምሯል። ከፓርኩ በተመለስንበት ቅዳሜ ማታ የልጅ ልጃችን ጭኑ ላይ ሆና ስታድግ የእንስሳት ሐኪም እንደምትሆን ስትነግረው፣ «ይኼን ደግሞ ከማን ወረሽው?» ብሎ ከልቡ ሳቀ። እኔ እዚያው አጠገቡ ተቀምጫለሁ።