ጋሽ ደቻሳ ኮርሳ የገዙ ጊዜ

ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ አካባቢ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ጎሚስታ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠለልኩ። ወጣቱ ጎሚስታ የተበሳ ካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ በሞረድ ፈግፍጎ፣ ማስቲሹን በጣቱ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ እፍ እፍ ይልበታል። አፍንጫ ሰርስሮ ግንባር ላይ የሚቆመው የማስቲሽ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተደባልቆ ሲመጣብኝ ዝናቡን ረሳሁት። ልጅ ሆኜ ጌጃ ሰፈር የድሮው ግቢያችን ውስጥ ቆሜአለሁ፤ ጋሽ ደቻሳ በረንዳቸው ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ አስጨንቀው ተቀምጠዋል፤ የተበሳውን ጎማ እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተውታል።

ጋሽ ደቻሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የእሳቸውንና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ታሳድገኝ ስለነበር፣ በልጅነቴ እንቅልፍ የሚወስደኝ በተረት ሳይሆን ከግድግዳው ወዲያ በሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅ ነበር። በወጣትነታቸው ከአምቦ ወዲያ ካለ ገጠር መጥተው፣ ልደታ ውስጥ ሙያ ተምረው፣ እዚያው ቀሩ። የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። ጥብቆዬን ሲለኩኝ ሜትሩ ከአንገታቸው ላይ ይወርዳል፤ ጠመኔ፣ ካኪ ጨርቅና የከሰል ካውያ ይሸታሉ።

ግዙፍ ሰው ነበሩ። በእኛ ሰፈር እንደ እሳቸው ያለ አልነበረም። በበር ሲወጡ ጎናቸውን አዙረው ነው። የራሳቸውን ሱሪ ሲሰፉ የሁለት ሰው ጨርቅ ይቆርጣሉ። በዚያ ሰው ሁሉ ተሰልፎ በካርድ እህል በሚቀበልበት ዘመን፣ እንዲህ ወፍሮ መታየት እንደ ስድብ ነበር፤ ከየት አምጥተው በሉ የሚል ሐሜት አይጠፋም። እኛ ግን ጎረቤት ነንና ማዕዳቸውን እናውቀዋለን፤ ከእኛ የሚበልጥ አልነበረም። ልጆች በነዳጅ ጫኙ መኪና ስም «ቦቴ» ይሏቸዋል። ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

ባለቤታቸው ልጃቸው ገና ጨቅላ ሳለ ሞተዋል። ልጁ ገመቹ ይባላል፤ ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ቅዳሜ ከመጣ ሜዳ ላይ በኪራይ ብስክሌት ካልጋለበ የማያድር ልጅ። እኔንም ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከኋላ ይዞኝ እየሮጠ። ከአልጋው በላይ ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ ሥዕል ለጥፎ ነበር። አንድ ጋላቢ በእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ ተደፍቶ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ታጥፎ። ኮርሳ ነበር የምንለው። «አሥራ ሁለተኛን ጨርስ እንጂ እገዛልሃለሁ» ይሉት ነበር አባቱ። ሳይጨርስ ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው።

ወደ ሰሜን ተላከ። ብዙ ወራት ወሬው ጠፋ። ኋላ አንድ የሰፈር ልጅ ለፈቃድ ሲመጣ ነገረን፤ ገመቹ በሕይወት አለ፣ አንድ እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል፣ ደብረ ዘይት አጠገብ የጦር ጉዳተኞች ከሚያገግሙበት ቦታ አምጥተውታል። ጋሽ ደቻሳ በማግስቱ ሄዱ። ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ እኛ ዘንድ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አልማዝ» አሏት እናቴን፣ «ልጄ አፉን ዘግቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ስሙን ስጠራው እንኳ አልዞረም።»

በቀጣዩ እሁድ ምግብ ይዘው ሊጠይቁት አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ሳለ ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አያቸው። ሰው እርስ በርሱ ተጣብቋል። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ሁለት ሰው ነዎት፤ ሌላ ይጠብቁ» አላቸው። ተሳፋሪው ሳቀ። ምሳ ዕቃውን ይዘው ወረዱ። ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ሌላ አውቶቡስ ቶሎ አይመጣም፤ የመጣውም ሞልቶ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን ምግቡ እንደቀዘቀዘ ወደ ሰፈር ተመለሱ።

በዚያው ሳምንት ለእናቴ «ኮርሳ ልገዛ ነው» አሏት።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

እናቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ ቀና አለች። የደረሰባቸው ሐዘን አእምሯቸውን የነካው መስሏት ነበር፤ ኋላ ነግራኛለች።

«አውቶቡስ ከምለምን በገዛ እግሬ እየረገጥኩ ብሄድ ይሻለኛል» አሉ። «እግሬን አውቀዋለሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ ነው የኖረው።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ደግሞ በኮርሳ ላይ ሲያየኝ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅብኝ ግዴለም። ብቻ ይሳቅ።»

እናቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረቻቸውም። ቅዳሜ ጠዋት አብራቸው ወጣች፤ እኔንም ይዛኝ። ብቻቸውን ሄደው እንዲሳቅባቸው አልፈለገችም።

ፒያሳ የጠየቅናቸው መደብሮች ውስጥ የነበረው ከባዱ የቻይና ብስክሌት ብቻ ነው። ሻጩ «እሱን ይውሰዱ፤ ብረቱ ወፍራም ነው፣ ይችልዎታል» አላቸው። ጋሽ ደቻሳ መሪውን ዳሰሱትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያገለገሉ ብስክሌቶች ወደሚሸጡበት ወደ ተክለ ሃይማኖት ወረድን። አንዱ ነጋዴ ኮርሳ እንዳለው ከተናገረ በኋላ ገዢው እሳቸው መሆናቸውን ሲያውቅ ከግድግዳው ላይ ሊያወርደው እምቢ አለ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ብስክሌት ነው፣ የጭነት መኪና አይደለም» አለና ጓደኞቹን አሳቀ። ሌላው ፈረስ እንዲገዙ መከራቸው። ጋሽ ደቻሳ ለሁሉም «አመሰግናለሁ ልጄ» ይሉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አንገታቸው ላይ ላቡ ሲወርድ አየዋለሁ። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛለች።

መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ጠባብ ሱቅ ገባን። ባለቤቱ ጋሽ ኪዳኔ ይባላሉ፤ አስመራ ያደጉ፣ ነጠላ ጫማቸው ዘይት የጠጣ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። ከጣሪያው የተንጠለጠለ ሰማያዊ ኮርሳ ነበራቸው። ጋሽ ደቻሳ ሲጠይቋቸው አልሳቁም፤ «ክብደትዎ ስንት ነው?» አሉ።

«አላውቀውም።»

«ማወቅ አለብን። ሳናውቅ ብሸጥልዎ ክፉ ሥራ ነው።»

ከጎን እህል የሚመዝን ነጋዴ ነበር። ጋሽ ደቻሳ ጫማቸውን አውልቀው የጤፍ ጆንያ ከሚቀመጥበት ሚዛን ላይ ወጡ። ተሸካሚው፣ ሸማቹ፣ መንገደኛው ሁሉ ከበበ። አንድ ኩንታል ከሠላሳ ኪሎ። ነጋዴው ጮክ ብሎ ጠራው። ከሕዝቡ መካከል ፉጨት ተሰማ። ጋሽ ደቻሳ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው አቀርቅረው ቆሙ። በልጅነቴ ሰው እንዲያ ሲዋረድ አይቼ አላውቅም። እሳቸው ግን ከሚዛኑ ወርደው ጫማቸውን አጠለቁና ጋሽ ኪዳኔን «እሺ፣ አሁን ይሸጡልኝ» አሏቸው።

ጋሽ ኪዳኔ እውነቱን ነገሯቸው። የብስክሌቱ አካል ይችላል፤ የማይችለው የኋላው ጎማ ነው። ራጂዎቹ፣ እነዚያ ቸርኬውን ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ከከባድ ብስክሌት ወፍራም ራጂ አውጥተው ጎማውን እንደገና እስኪሠሩት እንዲታገሡ ለመኗቸው። ጋሽ ደቻሳ ሁለተኛዋን የስፌት መኪናቸውን ሸጠው ከፈሉ፤ መታገሡን ግን አልቻሉም። ሰማያዊውን ኮርሳ እንዳለ ወሰዱት።

ብስክሌት በወጣትነታቸው ነድተው ያውቁ ኖሮ ልምዳቸው ቶሎ ተመለሰላቸው። ማልደው ከጌጃ ሰፈር እስከ ሜክሲኮ ሲለማመዱ የቀበሌው ጥበቃ «ጓድ ደቻሳ፣ ወዴት ነው ግስጋሴው?» እያለ ይቀልዳል። ልጆች «ቦቴ! ቦቴ!» እያሉ ይከተሏቸዋል። እሁድ ወደ ደብረ ዘይት ወጡ። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ብስክሌቱን እየገፉ ተመለሱ። ቃሊቲን ሳያልፉ የኋላው ጎማ ታጥፎ ጥሏቸዋል። መዳፋቸው ተልጧል፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። እናቴ ቁስላቸውን አጠበችላቸው። ያን ሌሊት ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ አልነበረም፤ የነበረው ለቅሶ ነው። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የሰማሁት ያኔ ነው የመጀመሪያዬ።

ጠዋት ኮርሳውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተክለ ሃይማኖት ወረዱ። ጋሽ ኪዳኔ አልገሠጿቸውም። ወንበር ሰጥተው አስቀመጧቸውና ጎማውን አጠገባቸው ሆነው መሥራት ጀመሩ።

በሚቀጥለው እሁድ እኔና እናቴ ምግቡን ይዘን በአውቶቡስ ሄድን፤ እሳቸው ከንጋቱ ጀምሮ መንገድ ላይ ነበሩ። ዱከም ሳንደርስ አንዲት ዳገት ላይ ደረስንባቸው። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል፤ በዚያች ቀጭን ብስክሌት ላይ ያ ሁሉ ሰውነት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቅ ሆነ። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጎማው ይጮሃል! እዘኑለት!» አለ። እናቴ፣ ያቺ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ ድምፅዋ የማይሰማው እናቴ፣ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ልጁን ሊጠይቅ ነው የሚሄደው» አለች። «እግሩ የተቆረጠ ልጁን። እናንተ ተሳፍራችሁ ስትሄዱ እሱን ያወረዱት ወፍራም ነህ ብለው ነው።»

 በመስኮት ብቅ ያለው ሰው ራሱን ወደ ውስጥ መለሰ። አንዲት ሴትዮ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ብዙ ቤት ልጁን ወደ ጦር ሜዳ ልኮ ነበርና።

ማገገሚያው ግቢ ውስጥ ወጣቶች ፀሐይ ላይ አግዳሚ ወንበሮች ይዘው ተቀምጠዋል። የሱሪያቸው ባዶ እግር በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ገመቹን ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አውጥተው ግንብ ጥግ አስቀምጠውታል፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። እናቴ ሳመችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ብዙ ጠበቅን። ከዚያ ከበሩ በኩል ጫጫታ ተሰማ፤ ጋሽ ደቻሳ ኮርሳቸው ላይ እንደተቀመጡ ገቡ። ፊታቸው አቧራና ላብ ነው። መውረድ አቅቷቸው አንድ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። አግዳሚው ላይ ያሉት መሳቅ ጀመሩ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ገመቹ ግን አልሳቀም። ቀና ብሎ ብስክሌቱን አየ፤ መሪውን፣ ጎማውን፣ ከዚያ የአባቱን እግር።

«አባዬ» አለ፤ ድምፁ ካለመናገር ብዛት ሻክሮ። «ኮርቻው ዝቅ ብሏል። ጉልበትህን ይጎዳሃል።»

ጋሽ ደቻሳ እንደምንም ከብስክሌቱ ወረዱ።

«መፍቻ አምጡልኝ» አለ ገመቹ ጓደኞቹን። ክራንቹን ይዞ ተነሣ። በራሱ ነው የተነሣው። አባቱ ብስክሌቱን ደግፈው ሲቆሙ እሱ የኮርቻውን ብሎን ፈታ፤ ከፍ አደረገው፤ መልሶ አጠበቀው። እንባቸው በአቧራው ላይ መንገድ እያወጣ ሲወርድ ጋሽ ደቻሳ አልጠረጉትም፤ እጃቸው ብስክሌቱን ይዞ ነበርና።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ሳይሄዱ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። መቀስና ሜትር፣ ክርና ጠመኔ በከረጢት ይይዛሉ። የተጎዱትን ልጆች ባዶ የሱሪ እግር በልካቸው ቆርጠው፣ ጫፉን አሳምረው ይሰፉላቸዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ገመቹ ከዳነም በኋላ፣ ቤቱ ገብቶ ከአባቱ ጋር ቁልፍ መትከል ከጀመረም በኋላ፣ እሳቸው መሄዱን አልተዉም።

የሞቱት በደርግ መጨረሻ ዓመት ነው። ልባቸው ናት የገደለቻቸው። ሳጥናቸውን የሰፈሩ ጎረምሶች እየተፈራረቁ ልደታ ማርያም አደረሱት። ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ በክራንች የቆሙ ወጣቶች አገኘን፤ ወሬውን ሰምተው ከደብረ ዘይት የመጡ። የአንዳቸውም ሱሪ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ አልነበረም።

አንደኛው እናቴ አጠገብ ተቀመጠ። «እትዬ፣ የብዙዎቻችን አገር ሩቅ ነው፤ ጠያቂ አልነበረንም» አላት። «እሳቸው መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ግን እሁድ ጠዋት ሁላችንም ፊታችንን እንታጠብ ነበር።»

በሚቀጥለው እሁድ ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ገመቹ ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የአባቱን መቀስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል።

«ደብረ ዘይት ልሄድ ነው» አላት እናቴን። «ይጠብቃሉ።»