ወደ ግራ የምትጎትተው መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ በታክሲ ስመለስ፣ ከፊታችን የነበረች ዝቅ የተደረገች መኪና የፍጥነት መቀነሻው ላይ ሆዷን እየፋቀች አለፈች። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጠርጠር አድርጋ አየችኝ።

ወጣት ሳለሁ አባዬ እዚያው ሰፈር ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ዋና ሥራው የጎማ አላይመንት፣ መኪና ቀጥ ብላ እንድትሄድ ጎማዎቿን ማስተካከል ነበር። ያኔ ኮምፒውተር የለም፤ በጎማዎቹ ጎን ሲባጎ ይወጥራል፣ በሜትር ይለካል፣ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ያስተካክላል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ደንበኛ እቀበልለት ነበር።

እስክንድር የመጣው በክረምት ነው። የቀጨኔ ልጅ ነው፤ ጳውሎስ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። የነጭ ዲኤክስ መኪናውን ሞላ አስቆርጦ ዝቅ ስላደረጋት፣ መሬት ልትነካ ምንም አልቀራትም። መኪና እንዲህ ዝቅ ስትል ጎማዎቿ አቋማቸውን ይስታሉ፤ ከውስጥ በኩል ይበላሉ፣ መሪውም ወደ አንድ ጎን ይስባል። አባዬ ራሱን እየነቀነቀ አስተካከለለት።

"ከፍ አድርጋት፤ ሰፈራችን ዳገትና ቁልቁለት ነው" አለው።

"እሺ ጋሼ።"

ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። "ወደ ግራ ትጎትታለች።" ተስተካከለችለት። እንደገና መጣ። አሁንም ወደ ግራ።

አባዬ የገዛ ሥራውን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሌላውን መጠርጠር ጀመረ። መጀመሪያ የቀጨኔን ጉድጓዶች፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ የተከፈተውን አዲሱን ጋራዥ። "ስሜን ሊያጠፉ የላኩት ልጅ ይሆናል፤ ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳትነቅይ" አለኝ። አልነቀልኩም። አባዬ መኪናዋ ሥር ሲገባ ልጁ ወጣ ይልና ትኩስ የበቆሎ እሸት ጥብስ ገዝቶ ይመለሳል፤ ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ለእኔ ይሰጠኛል። ስለ ጋራዡ አንድም ነገር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ እኔ ነው። ሰላይ ከሆነ ሥራውን የማያውቅ ሰላይ ነበር።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ከሰዓት፣ አባዬ ገና እህል ሳይቀምስ መኪናዋ ሥር ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል።

"መኪናህን ማነው የሚነካው?"

"ማንም አይነካትም ጋሼ።"

"መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ በመፍቻ ተፈትቷል። እኔ ያጠበቅሁት በራሱ አይላላም። ጠላት አለህ?"

እስክንድር ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ያኔ ገባኝ። አባዬም ትንሽ ዘግይቶ ገባው።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። እዚህ ለመምጣት ሌላ ምክንያት አጣሁ።"

አባዬ አልጮኸም። "ቁልቁለቱ ላይ ቢለቅብህ ከቅዳሴ የሚመለሰውን ሰው ታጭደው ነበር" አለው። ቁልፉን ተቀብሎ በዝናብ በእግሩ ሰደደው።

ጓደኞቼ ሲሰሙ ቀኑብኝ። እኔ ግን ፈራሁት። እኔን ለማየት ብሎ መሪውን የፈታ ሰው፣ ነገ ሌላ ነገር ሲፈልግ ምን ይፈታል?

መኪናዋን ሊወስድ ሲመጣ አባዬ አልነበረም። እኔው ጠየቅኩት።

"ስትነዳት አልፈራህም?"

"ፈርቻለሁ። ቁልቁለቱን እየዳህኩ ነበር የምወርደው።"

"መንገድ ላይ ያለውስ ሰው?"

"ስለሱ አላሰብኩም። አባትሽ እስኪነግሩኝ ድረስ ጨርሶ አላሰብኩም።"

ቢዋሸኝ ኖሮ ይቀለኝና በቃ ብዬ እሸኘው ነበር። "መምጣት ከፈለግህ በእግርህ ና" አልኩት።

መኪናዋን ወደ ቀድሞ ከፍታዋ አስመለሳት፣ እሱ ግን በጋውን ሙሉ ዳገቱን በእግሩ እየወጣ መጣ። አባዬ ሰላምታውን ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት። እኔም እንደዚያው። በመጨረሻ ሽማግሌ ሲልክ አባዬ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ ታውቂያለሽ" ብቻ አለኝ።

ዛሬ ባለቤቴ ነው። ልጆቻችን ይህን ወሬ እንደ ፍቅር ታሪክ ደጋግመው ያወሩታል፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ያ ጥርጣሬዬ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ድንገት ደስ የሚያሰኝ ነገር ላድርግልሽ ሲለኝ፣ ከማመስገኔ በፊት "በዚህ የሚጎዳ ሰው አለ?" እለዋለሁ። እሱም አይከፋውም። ቁጭ ብሎ ያስባል፤ ሳያስብ መልሶልኝ አያውቅም።